ስለ ትንንሾቹ የሙዚቃ ሸክላዎቼ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ቤቴ ሲገባ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መደርደሪያው ላይ ነው። ጥያቄው ከዚያ ይጀምራል። በስልክም በመልእክትም ተጠይቄያለሁ። አንዴማ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ፣ አንድ የማላውቃቸው አባት ጠጋ ብለው «ሸክላ ያለሽ አንቺ ነሽ አሉ?» ብለውኛል። አንድ ቦታ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ያሉኝ ትንንሾቹ ናቸው፣ ባለ 45ቶቹ። ብዙዎቹ ከ1962 እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አዲስ አበባ የተሸጡ የአማርኛ ዘፈኖች ናቸው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ስንት ሸክላ አለሽ?

163። አምና 164 ነበሩ። የጎደለችው ምን እንደሆነች ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የአባትሽ ናቸው?

ይሄን ስሰማ እስቃለሁ። ሁሌም የሚጠረጠረው አባት ነው። አባቴ ሬዲዮ የሚከፍተው ለዜና ነው፤ ዘፈን ሲጀምር ይዘጋዋል።

የአክስቴ ናቸው። አክስቴ በ60ዎቹ መጀመሪያ ታይፒስት ነበረች። ደሞዝ በወጣ ቁጥር ፒያሳ ሄዳ አንድ ሸክላ ትገዛ ነበር። አንድ ብቻ፤ ሁለት ይዛ ከገባች አያቴ ቤቱን ትቀውጠዋለች። ማታ ሽፋኑ ላይ ስሟንና ወሩን ትጽፋለች። «ጥቅምት 64»። «ግንቦት 65»። እንዲህ እያለች 31 አጠራቀመች።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ካሴት መጣ፣ ትዳር መጣ። ሸክላዎቹ በቆርቆሮ ሻንጣ ሆነው አልጋ ሥር ገቡ። ከዓመታት በኋላ ቤት ስትቀይር ላግዛት ሄድኩ። ሻንጣው በር ላይ ቆሟል፣ ቆራሌው አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል። በሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ተስማምተው ጨርሰዋል። እኔ ሦስት ባልዲ ገዝቼላት ሻንጣውን ወሰድኩ። ቆራሌው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይገላምጠኛል።

የቀሩትን 133 በ15 ዓመት ውስጥ ነው የለቃቀምኳቸው። ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ሻጮች፣ ከጎረቤት ቁም ሳጥን፣ ጥቂቱን ደግሞ ከውጭ ከሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ።

ለምን «ሸክላ» ተባለ?

የድሮዎቹ ባለ 78ቶች፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት፣ የሚሠሩት ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነበር። ሙጫውን የምታወጣው ህንድ አካባቢ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ናት። እነዚያ ሸክላዎች ወድቀው አይተርፉም፤ ልክ እንደ ጀበና ነው የሚንኮታኮቱት። ስሙ ከሙጫው ስም መጣ ወይስ ከጀበናው? እኔ ሁለቱም ተገጣጥመው ነው ባይ ነኝ። ይሄ ግምቴ ነው፤ አትጥቀሱኝ።

የእኛ ሰው ድምፅ ሸክላ ላይ የገባው በጣም ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ ጀርመን አገር ሄደው ተቀርጸዋል። የእኔዎቹ ግን ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ቢወድቁም አይሰበሩም። አይሰበሩም ማለት ግን አይጎዱም ማለት አይደለም።

ባለ 45 ሲባል ምኑ ነው 45?

በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ትልቁ ሸክላ፣ ሎንግ ፕሌይ የሚባለው፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ነው የሚዞረው። ትንሿ ሸክላ ዳር እስከ ዳር 7 ኢንች ናት፤ 18 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን ትይዛለች፣ ሦስት አራት ደቂቃ። ከዚያ ተነስቶ መገልበጥ ነው።

መሐሏ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያላት ካጋጠማችሁ አልተበላሸችም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ባለ 45ን ሲያወጡ ቀዳዳዋን ሰፊ አድርገው ነው የሠሯት። ጁክ ቦክሱም፣ ሳንቲም ሲጎርስ ዘፈን የሚያጫውተው ሳጥን፣ የሚፈልገው ሰፊውን ነው። መሐሉ ላይ የምትገባ ክብ ፕላስቲክ አለች፤ ከጠፋባችሁ ከወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ሥሯት። ግን ትክክል መሐል ላይ ትሁን። ትንሽ ካጋደለች ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል።

ፍጥነቱን ረስታችሁ በ33 ካስጀመራችሁት ደግሞ ብዙነሽ በቀለ ወንድ ትሆናለች። እንግዳ ሲመጣ አውቄ የማደርጋት ቀልድ ናት።

ማን ነበር የሚያሳትማቸው?

ይሄን ብዙ ሰው በአንድ ቃል እንድመልስለት ይፈልጋል። አይሆንም፤ ቁጭ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ60ዎቹ መጀመሪያ ከተማው በሙዚቃ ሰክሯል። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር፣ ሁሉም ባንድ አላቸው። ዘፋኞቹም የመጡት ከዚያው ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ፤ አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ። ማታ ማታ ክለብና ሆቴሉ ይሞላል። ሸክላ ቤት ገብታችሁ ስትጠይቁ ግን የሚሰጣችሁ የፈረንጅ ነው።

አምሃ እሸቴ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። የእኛዎቹን ማን ያሳትማቸው ብሎ ሲጠብቅ ቆየ። የሚመጣ ሲጠፋ፣ ትእዛዙን እያወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ራሱ ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው አለማየሁ እሸቴን ነው። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ቴፑ ህንድ ተልኮ እዚያ ታትሞ መጣ። ኋላ ላይ ሊባኖስም ይታተም ነበር።

አስቡት እስቲ። አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ባንድነት ይጫወታል፣ ቴፕ ላይ ይቀረጻል፣ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል፣ አክስቴ ደግሞ በደሞዟ ትገዛዋለች። እኔ ሸክላዎቹን ሳገላብጥ ይሄ መንገድ ነው የሚታየኝ።

አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ፣ ማለትም ትንሿን ባለ 45፣ እና 12 ትልልቅ ሸክላ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ አሜሪካ ሄደ። ዋሽንግተን ላይ ብሉ ናይል የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ፤ በኋላ ተመልሶ መጥቷል። እሱና አለማየሁ እሸቴ፣ ያንን የመጀመሪያ ሸክላ ያወጡት ሁለቱ፣ በአንድ ዓመት በ2013፣ በአራት ወር ልዩነት አረፉ። በሁለቱም ቀን ያችኑ ዘመን ሸክላ ሳጫውት ዋልኩ። ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛው ሰው አሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ ከተማው የሚያውቀው አሊ ታንጎ ብሎ ነው። ካይፋ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸክላ ሁሉ የእሱ ነው። ማህሙድንና ሙሉቀን መለሰን በብዛት የምታገኙት እሱ ጋ ነው። ሦስተኛው ፊሊፕስ ነው፣ የሆላንዱ ኩባንያ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ። የሦስቱና የሌሎች ትንንሾች ሥራ አንድ ላይ ሲደመር ወደ 500 ነጠላ ሸክላና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላ ይሆናል ይባላል። ያ ሁሉ ዝና፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ የመጣው ከዚህችው ነው።

ታዲያ ለምን ቆመ?

ካሴት ነዋ። ካሴት ርካሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ከአንዷ ወደ አንዷ ቤት ውስጥ ትገለበጣለች። ሸክላ ባሕር ማዶ ልኮ ማሳተሙ ከዚያ በኋላ አላዋጣም። በዚያ ላይ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ክለብ ተዘጋ ማለት ነው። ሳንሱሩም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ የታተመች የአማርኛ ነጠላ ሸክላ እጄ ገብታ አታውቅም።

ከሁሉም የትኛዋን ትወጃለሽ?

አክስቴ አሥር በሚሆኑት ሽፋኖች ላይ፣ ከስሟ በታች፣ በትንንሽ ፊደል «ጀርባው ይሻላል» ብላ ጽፋለች። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ስገለብጥ ገባኝ።

ሸክላ የሚሸጠው በፊተኛው ዘፈን ነው። ሬዲዮ የሚያጫውተው እሱን ነው፣ ሙዚቃ ቤቱም በር ላይ የሚለቀው እሱን ነው። ከኋላ የሚገባው ግን ባንዱ እንደልቡ የተጫወተው ነው። ኦርጋኑ ረዘም ይላል፣ ሳክስፎኑ አላቆምም ይላል። ስለዚህ አዲስ ሸክላ ሳገኝ የምጀምረው ከጀርባው ነው። ይሄን የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ ከታይፒስቷ ነው።

የሚመረጥ ከተባለ ግርማ በየነ። ግርማ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው፤ የብዙዎቹን ዘፈን ያሳመረው እሱ ነው። ራሱ ዘፍኖ ያን ጊዜ ያስቀረጸው ግን አራት ዘፈን ብቻ ነው። አራት! ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይጮህም፣ የሆነ ነገር ፈርቶ የሚናገር ይመስላል። አንዷ ሸክላው እኔ ጋ አለች። በጣም ተበልታለች፤ ድምፁ የሚመጣው ቅቤ ሲነጠር እንደሚሰማው ተንጣጥ ተንጣጥ ከሚል ነገር ሥር ነው። ፈልጌ ንጹሕ ቅጂ ላገኝ እችል ይሆናል። አልፈለግኩም። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ሰምቷት ነው እንዲህ የሆነችው፤ እኔ ያንን ሰው አላባርረውም።

ከዚያ ጌታቸው መኩሪያ። ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ድምፅ፣ በሳክስፎን ያመጣው ሰው ነው። ጠዋት አታጫውቱት፤ ሥራ መሄድ ይቀርና ዘመቻ ያስጀምራችኋል። ትዝታ ከተባለ ደግሞ የሰይፉ ዮሐንስ አለ፣ የጌታቸው ካሳ አለ። ጌታቸው ዝግ ባለውም በፈጣኑም ተጫውቶታል። ዝግ ያለውን ብቻዬን ስሆን አልነካውም።

የውጭ ዘፈን የለሽም?

12 አሉኝ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ሶል። አክስቴም ሁለት የጄምስ ብራውን ነበራት። አንዷ ላይ «በጣም ይጮሃል» ብላ ጽፋለች። ግን ገዝታዋለች፤ ሁለት ጊዜ።

ትሸጫቸዋለሽ? ስንት ያወጣሉ?

አልሸጥም። ይሄ ተጠይቆ ስለማያልቅ በግልጽ ልጻፈው። አልሸጥም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ውጭ አገር ውድ የሆኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ፤ ከ30 በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ፈረንጁ ዋናውን ሸክላ ማደን ጀመረ። ለአንዲት ነጠላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

ግን ቤታችሁ ያገኛችሁት ሁሉ ሀብት አይደለም። ዋጋውን የሚወስነው ይዞታው ነው። ጭረት ካለባት፣ ሽፋኗ ከሌለ፣ ስም ከተጻፈባት ዋጋዋ ያሽቆለቁላል። አንድ ሰብሳቢ የአክስቴን ሸክላዎች እያገላበጠ «ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ላይ ተጽፎባቸዋል» አለኝ። እኔ የምፈልገው ጽሑፉን እንደሆነ ልነግረው አልኩና ተውኩት። ቡናዬን ጠጥቶ ሄደ።

መሸጥ ለሚፈልግ ምክሬ አጭር ናት። መጀመሪያ ቤተሰብ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ «ሁሉንም በጅምላ ልውሰድልሽ» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። እሱ የሚፈልገው ከመሐል አንዷን ነው።

ኦርጅናል መሆኗን በምን አውቃለሁ?

መሐሏ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት እዩ። አምሃ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት የስሙ መነሻ የሆኑት ሁለት የላቲን ፊደላት ኤ እና ኢ አሉ። ካይፋ ከሆነ ኬ እና ኤፍ። ከዚያ ሸክላዋን ወደ ብርሃን አዘንብሏት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ጋ እስክትደርሱ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ የተጫረ ወይም የተቀረጸ ቁጥር ይታያል። እሱ የማተሚያው ምልክት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከራል።

አሁን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እንደ አዲስ የሚታተሙ አሉ። ሽፋናቸው ያብረቀርቃል፣ ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ባር ኮድ አለባቸው። በ1964 ባር ኮድ አልነበረም። እንደ አዲስ የታተመ መግዛት ነውር አይደለም፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ ይጠራል። ነውሩ እሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ነጠላዎቹ እንቢ ካሏችሁ ደግሞ አምሃ ራሱ ነጠላዎቹን ሰብስቦ «ኢትዮፒያን ሂት ፓሬድ» እያለ ያወጣቸው ትልልቅ ሸክላዎች አሉ፤ እነሱም እንደገና ታትመዋል።

ከአሜሪካ ማጫወቻ ተልኮልኝ ዘፈኑ ሁሉ ይጎተታል። ተበላሽቶ ነው?

ይሄ ጥያቄ በወር ሁለቴ ይመጣል። ብዙ ጊዜ አልተበላሸም።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ትራንስፎርመር ይገዛል፣ ጨረስኩ ይላል። ሌላ ልዩነት አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይሄን አይቀይርም። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ምልልስ ነው። ስለዚህ 45 መዞር ያለበት 37 ተኩል ይዞራል። ጥላሁን እንቅልፍ የመጣበት የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሔ አለው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ላስቲኩ የሚጠመጠምባት ትንሽ የብረት መዘውር አለች። ለአንዳንድ ሞዴል ለ50 የተሠራች ሌላ መዘውር ትገኛለች፤ ካልተገኘች ጎበዝ ቶርኖ ቤት ወፈር አድርጎ ይሠራታል። ወይም ከመጀመሪያው ከግድግዳ አዳፕተር በዲሲ የሚሠራ ማጫወቻ ግዙ። እነዚያ መብራቱ 50 ሆነ 60 ግድ የላቸውም።

ሸክላ እየተጫወተ መብራት ሲሄድስ? ምንም አይሆንም። ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ ጸጥ ይላል። መርፌውን የያዘውን ክንድ አንሱትና ጠብቁ። መብራቱ ሲመጣ መርፌው ሸክላዋ ላይ ካለ ግን ይጎትታታል።

መርፌው ለምን ይዘላል?

ወይ ሸክላዋ ቆሽሻለች፣ ወይ መርፌው አልቋል፣ ወይ ክብደቱ አልተስተካከለም። አክስቴ ክንዱ ላይ ስሙኒ ትለጥፍ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። መዝለሉ ይቆማል፣ ሸክላዋ ግን ታልቃለች። ለአሁኖቹ መርፌዎች ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም ተኩል እስከ 2 ግራም ተኩል ይበቃል፤ መርፌው ሲገዛ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ስሙኒያችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡ።

እንዴት ነው የሚታጠበው?

ደረቅ አቧራውን መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ፣ እንደ ዙሩ። ከዚያ የተጣራ ውሃ። ጋራዥ አካባቢ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ይሆናል። ውሃውን ነው ያልኩት፣ አሲዱን አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሁለቴ አንብቡ። አንድ ሊትር ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ብታደርጉ ቅባቱን ያነሳል። በኋላ በንጹሑ ውሃ ማለቅለቅ ነው። መሐል ያለውን ወረቀት አታርጥቡት። ማድረቅ በማይበጣጠስ ጨርቅ፤ በሶፍት አይደለም፣ ፀሐይ ላይም አይደለም።

የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ መርፌው ያንን ነው የሚያነብላችሁ። ሽቶ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ የሚሉ ሰዎች አሉ። ተዉአቸው።

እንዴት ነው የሚቀመጡት?

ቆመው፣ እንደ መጽሐፍ። ተደራርበው ከተኙ የታችኛዋ ትጣመማለች። ትንሿን ሸክላ ትልቅ የወንድ ጫማ ካርቶን ይይዛታል፤ እኔ የጀመርኩት በዚያ ነው። ፌስታል ውስጥ አትክተቱ። የወረቀት ሽፋኗ ቢቀደድም አትጣሉት።

ስልኬ ላይ ትጭኚልኛለሽ?

ቤት መጥታችሁ አብረን እንሰማለን፤ ኢንተርኔት ላይ ግን አልለቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ከሕጉም በላይ፣ ከእነዚህ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ከሸክላቸው የረባ ነገር ሳያገኙ ኖረዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። የአንዳንዶቹ ልጆች ዛሬም እዚሁ ከተማ አሉ። እኔ ተነስቼ የአባታቸውን ድምፅ በነጻ ስበትን ደስ አይለኝም።

የራሳችሁን ሸክላ ለራሳችሁ መገልበጥ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ በጣም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ፎኖ ማጉያ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ነው፣ ይበቃል። በኤምፒስሪ ሳይሆን በዋቭ አስቀምጡ፤ ማሳነስ በኋላም ይቻላል። ተንጣጣቱን አጠፋለሁ ብላችሁ ግን ብዙ አትፈትጉት፤ ከተንጣጣቱ ጋር ጸናጽሉም ይሄዳል።

164ኛዋ ምን ሆነች?

አዋስኳት። የድሮ ሙዚቃ ምሽት እናዘጋጃለን ብለው ከአንድ ቡና ቤት መጡ፤ ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ እኔም ተሸነፍኩ። ምሽቱ አለፈ፣ ሸክላዋን መስኮት ላይ ረሷት። በማግስቱ የረፋዱ ፀሐይ አገኛት። ስትመለስልኝ ጠርዟ እንደ ደረቀ ቂጣ ተነስቶ ነበር።

ሁለት መስታወት መሐል አስገብቼ መጽሐፍ ጫንኩባት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ትንሽ ተመለሰች፣ ግን መርፌው እዚያች ጉብታ ጋ ሲደርስ ይዘላል። አንዳንዱ ኦቨን ውስጥ አስገቢያት አለኝ። ኦቨን ውስጥ የገባች ሸክላ ቅርጿ ቢመለስ እንኳ መስመሯ አይመለስም፤ እንዳትሞክሩት።

የአክስቴ ነበረች፣ «ጥር 66» የተጻፈባት። ልነግራት ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ስነግራት ሽሮዋን እያማሰለች ነበር። «የቷ?» አለች። ነገርኳት። ፊተኛውን ዘፈን ከነሙዚቃው፣ ትራምፔቱን በአፏ እየነፋች፣ እስከ መጨረሻው አወጣችው። ከዚያ «ጀርባውን ግን ረስቼዋለሁ» አለች። ሽፋኗን አስቀምጫለሁ። ያችን ሸክላ ያለው ሰው ካለ አልገዛም፣ አልዋስም፤ ጀርባዋን አንድ ጊዜ ለአክስቴ ያሰማልኝ።

መጥቼ መስማት እችላለሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት። ከአምስት ሰው በላይ ቤቱ አይችልም። የራሳችሁ ሸክላ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ካላጠባችኋት እኔ አጥባታለሁ። ሲኒ ማጫወቻው ላይ አይቀመጥም። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሰው ሲረግጥ መርፌው ይዘላል። መደነስ የፈለገ በረንዳው ላይ። አክስቴ ካለች ግን መሐል ወለል ላይ ነው የምትደንሰው፣ እሷን የሚከለክል የለም።